የላጨሁት ምልክት

እኔ ስወለድም ችኩል ነበርኩ። አዋላጇ እስክትደርስ እንኳን አልጠበቅኩም ይባላል፤ ከዚያ ወዲህ ማን ያስተካክለኛል? እንጅባራ ከተማ ውስጥ አልጋና ቁም ሳጥን የሚሠራ አንድ ድርጅት ውስጥ አናጺ ነኝ። ሴት አናጺ ሲያዩ ግራ የሚገባቸው ደንበኞች ዛሬም አሉ። «ባለሙያውን ጥሪልኝ» ይሉኛል። እኔም አፌን ከማበላሽ የኤሌክትሪክ መላጊያዬን አስነሳለሁ፣ ጩኸቱ ይመልስላቸዋል። ያቺን መላጊያ በገዛ ላቤ ነው የገዛኋት፤ ሰው በልጁ እንደሚኮራ እኮራባት ነበር። አሁንም እወዳታለሁ፣ ግን እንደ ድሮው አላምናትም።

ይህን የምጽፈው ግን ስለ መላጊያዋ አይደለም። ስለ እናቴ ቤትና ቤት ማቆም ስላስተማሩኝ አጎቴ ነው። እግዜር ይስጥልኝ ማለት አልችልበትም፤ አፌ ለነገር እንጂ ለምስጋና አልተፈታም። ፊት ለፊት ማለት ያቃተኝን በጽሑፍ ልበለው ብዬ ነው።

እናቴ የምትኖረው ከግምጃ ቤት ከተማ በጋሪ ትንሽ ወጣ ብሎ ነው። ቤቷን አባቴ ሊያገባት ሲል ነው የሠራው። እሱ ካረፈ ቆይቷል፤ ቤቱ ደግሞ የቋሚዎቹ እግር በስብሶ ካቻምና ወደ ጓሮ ዘመመ። እናቴ አልጋዋንና ሣጥኗን ይዛ ማድ ቤት ገባች። ማድ ቤት ስል ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ፤ ጭስ የጠገበች፣ አልጋ ከገባባት ለሰው መቆሚያ የማትተርፍ ጎጆ ናት። የኛን አገር ዝናብ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ አንዴ ከያዘ መስቀል ሳይደርስ አይለቅም። ያንን ክረምት እናቴ ስትስል ከረመች። «እንጅባራ ነይና ከኔ ጋር ኑሪ» ብላት «ቤቴ እያለ በኪራይ ቤት?» አለችኝ፣ ቤቷ መዝመሙን የረሳች ይመስል። እንግዲያው የሚመጣው ክረምት ሳይገባ በገዛ ቤትሽ ትተኛለሽ ብዬ ማልኩላት። ማልኩ ማለት ማልኩ ነው፣ ወደ ኋላ የለም።

አጎቴ የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። አንድ ምስማር ሳይመቱ ቤት ሲያቆሙ የኖሩ ሰው ናቸው። ዓይናቸው ደክሟል፣ ትከሻቸውም እንደ ዱሮው አይታዘዛቸውም፤ ግን የእህታቸውን ነገር ሲሰሙ ማንም ሳይጠራቸው መጡ። እሳቸውና እናቴ ሲጨዋወቱ በአገውኛ ነው። እኔን ሲቆጡ ብቻ ወደ አማርኛ ይመለሳሉ፤ ከተማ ስለገባሁ ቋንቋው የጠፋብኝ ይመስላቸዋል።

የመጀመሪያው ቀን እኔ ከሚኒባስና ከጋሪ ያወረድኩትን ዕቃ የሞላ ማዳበሪያ አራገፍኩ። የኤሌክትሪክ መላጊያ፣ መሰርሰሪያ፣ የኤሌክትሪክ መጋዝ፣ ሜትር፣ ስኳድራ፣ ውሃ የሚሞላበት ቀጭን ጎማ፣ ከጎረቤት መብራት የምስብበት ረጅም ኤክስቴንሽን። አጎቴ ደግሞ ስልቻቸውን ፈቱ። መጥረቢያ፣ ሁለት መሮ፣ የወይራ መዶሻ፣ ሞረድ፣ በጥላሸት የጠቆረ ሲባጎ፣ ጫፉ ላይ ድንጋይ የታሰረበት ገመድና ሙሉ ሰውነቱ የተጫረ አንድ ዘንግ። አለቀ። ሲያዩት የድሃ ጓዝ ይመስላል።

«ይኼ ሁሉ ምን ይበላል?» አሉ የኔን ክምር እያዩ።

«መብራት ይበላል፣ አባባ።»

«መብራት የጠፋ ቀንስ?»

«የጠፋ ቀንማ እንደ እኔ ያኮርፋል።»

ሳቁ። እኔ ሰው በሳቀልኝ ቁጥር ያሸነፍኩ ይመስለኛል።

በየሳምንቱ በዕረፍት ቀኔ እየሄድኩ መሥራት ጀመርን። እንጨቱ ከእናቴ ጓሮ ተቆርጦ ሲደርቅ የከረመ ባሕር ዛፍ ነው። እኔ የመጀመሪያውን ቀን ቋሚ እንጠርባለን ብዬ ነበር፤ እሳቸው ግን መሮና ሞረድ አስይዘውኝ በርጩማ ላይ አስቀመጡኝ። ሳይ፣ ስስል፣ በአውራ ጣቴ ስሞክር ፀሐይ ጠለቀች። «አባባ፣ እኔ እኮ የተማርኩ አናጺ ነኝ!» ብዬ ጮህኩ። «የደነዘ መሮ እንጨቱን ትቶ ጣት ነው የሚፈልገው፤ ጣትሽም የተማረ ነው?» አሉኝ። እናቴ ከማድ ቤት ሆና ስትስቅ ሰማኋት፣ ይኼ ነው ደግሞ ያናደደኝ።

በሚቀጥለው ሳምንት ሲባጎውን በጥላሸት ነክረው አንዱን ጫፍ ለኔ ሰጡኝ። ግንዱ ላይ ወጠርነው፤ መሐሉን በሁለት ጣት ሳብ አድርገው ለቀቁት። ጧ! ከጫፍ እስከ ጫፍ ጥቁር መስመር ወጣ። ከዚያ በዚያ መስመር ላይ መጥረቢያቸውን ይዘው ወረዱ። ሲጨርሱ ስኳድራዬን አወጣሁ። እውነቱን ለመናገር ላሳፍራቸው ፈልጌ ነው። ስኳድራው ማዕዘኑ ላይ ቁጭ ብሎ ብርሃን እንኳን አላሳልፍ አለ። ደግሜ በሌላ በኩል ሞከርኩ፣ ያው ነው። ወደ ማዳበሪያው መለስኩት፣ እሳቸውም እንዳላየ ሰው ጢማቸውን ዳበሱ።

የኔም ዕቃ ግን ያለ ሙያው አልቀረም። ቋሚዎቹ የሚያርፉባቸውን ድንጋዮች እኩል የምናደርግ ዕለት ውሃ የሞላውን ጎማ በሁለት በኩል ይዘን ስንለካ፣ ውሃው በሁለቱም ጫፍ እኩል ቆመ። አጎቴ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። «እኔ ይኼን በሳህን ውሃ ሳደርግ ዕድሜዬን ጨረስኩ!» አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጎማዋን ከእጃቸው ማን ያስጥላቸው፤ የእናቴን መደብ ሳይቀር ለክተው አንድ ጣት ዘምሟል ብለው ነገሯት። መሰርሰሪያዬም ትከሻቸውን ታደገው። ጉድጓዱን እኔ በመሰርሰሪያ እበሳለሁ፣ እሳቸው በሳምንቱ መሐል በመሮ ማዕዘኑን ያወጡለታል።

የቤቱ አሠራር እንዲህ ነው። በየቋሚው አናት ላይ ምላስ ይወጣል። ከላይ በሚጋደመው ወራጅ ሆድ ላይ ደግሞ ጉድጓድ ይቦረቦራል። ምላሱ ጉድጓዱ ውስጥ ሲገባ ከጎን ተበስቶ የወይራ ችንካር ይመታበታል፣ በቃ፣ ምስማር አይነካውም። ባሕር ዛፍ ደግሞ ሲደርቅ እንደ ክፉ ጎረቤት ይጣመማል፤ ስለዚህ አንዱ ምላስ ከሌላው ጋር አንድ አይደለም። እያንዳንዱ ምላስ ለአንድ ጉድጓድ ብቻ ተለክቶ የተቆረጠ ነው። አሥራ ሁለት ቋሚ፣ አሥራ ሁለት ጉድጓድ፤ ሁሉም የየራሱን ይፈልጋል።

አሥራ ሦስተኛው ምሰሶው ነው፣ የመሐሉ። እሱን እናቴ አዲስ አይሁን አለች። ከዘመመው ቤት የወጣው የጽድ ምሰሶ እንዲመለስ ለመነችን። አራት ማዕዘን የተጠረበ፣ ጥቀርሻ የጠጣ እንጨት ነው። እናቴ ከልጅነቴ ጀምሮ ከውጭ ስትገባ ደረቱ ላይ እጇን አሳርፋ ነበር የምታልፈው። እኔ ጉልበቷ ስለሚያማት ተደግፋ መስሎኝ ነበር። ጽድ አይበሰብስም፣ ጥሩ ሐሳብ ነው ብዬ ተስማማሁ።

ምሰሶው የሚቆምበት ቀን ተቆረጠ፤ ደቦው በግንቦት ተክለ ሃይማኖት ማግስት ይሁን ተባለ። ከዚያ በፊት የበዓላት መንጋ አለ፣ ከዚያ በኋላ ደግሞ ሰዉ ሁሉ ወደ እርሻው ነው። የደቦ ተራ አንዴ ካለፈ እስከ መስከረም አይገኝም። መስከረም ማለት ደግሞ እናቴ ሌላ ክረምት ማድ ቤት ውስጥ ስትስል ከረመች ማለት ነው። ጠላው ተጠመቀ፣ ድንቹ ተገዛ፣ እኔም ከመሥሪያ ቤቴ የሳምንት ፈቃድ ወስጄ ገባሁ።

ሦስት ቀን ሲቀረን አጎቴ ከጥሊሊ በኩል የለቅሶ መልእክት መጣባቸውና ሄዱ። ሥራው አልቋል፣ የቀረ ነገር የለም ብለውኝ ነው የሄዱት። እኔን ደግሞ የቀረ ነገር የለም ብሎ ብቻዬን መተው ስህተት ነው። ጠዋት ተነስቼ የተደረደሩትን ቋሚዎች አየሁ። የመጥረቢያ ቦታው ሻካራ ነው፣ የጥላሸት መስመር አለበት፣ ደግሞ እያንዳንዳቸው ላይ ደረታቸው አካባቢ ጭረት ጭረት አለ። እዚህ አንድ፣ እዚያ ሁለት፣ ሌላው ላይ የተጠላለፈ። ወራጆቹም ላይ ከየጉድጓዱ አጠገብ እንዲሁ። ወይኔ፣ አጎቴ እጃቸው መንቀጥቀጥ ጀምሯል፣ መሮው እያመለጣቸው ነው ስል አሰብኩ። አንጀቴን በሉት። አገሩ ሁሉ በሚሰበሰብበት ቀን ይኼን አይተው እንዳያሟቸው ብዬ፣ ደግሞም ሲመለሱ ላስደንቃቸው ብዬ መላጊያዬን ሰካሁ።

ሙሉ ቀን ላጨሁ። ቋሚውን፣ ወራጁን፣ ምሰሶውን ሳይቀር። ጥቀርሻው ተነስቶ የጽዱ ቀይ መልክ ሲወጣ፣ ሽታውም ግቢውን ሲሞላው እልል ማለት ነው ያማረኝ። ፍቅፋቂውን ጠርጌ ለእናቴ ወሰድኩላት፣ ምድጃ ውስጥ ጨመረችው። «እንዴት አደረግሽው?» አለችኝ። «እንደ አዲስ አደረግሁልሽ» አልኳት።

አጎቴ የተመለሱት በተክለ ሃይማኖት ዕለት ነው፣ ቤተ ክርስቲያን ስመው፣ ጋቢያቸውን እንደለበሱ። እኔ በኩራት ፊት ፊታቸው ሄድኩ። የመጀመሪያውን ቋሚ በመዳፋቸው ዳበሱት። ሁለተኛውን ዳበሱት። ሦስተኛው ላይ ሲደርሱ መዳፋቸው ወደ ላይ ወደ ታች ይሄድ ጀመር፣ የጠፋበትን ነገር እንደሚፈልግ ሰው። ከዚያ ወራጁ ላይ ቁጭ አሉ።

«ምልክቶቹስ?» አሉኝ።

«የምን ምልክት?»

ጥያቄው ገና ከአፌ ሳይወጣ ገባኝ። አንድ ጭረት ያለበት ቋሚ አንድ ጭረት ወዳለበት ጉድጓድ ነበር። ሁለቱ ወደ ሁለቱ። የተጠላለፈው ወደተጠላለፈው። የእጅ መንቀጥቀጥ ብዬ ያዘንኩላቸው ሰው በእያንዳንዱ እንጨት ላይ አድራሻውን ጽፈው ነበር፣ እኔ የተማርኩት አናጺ ደግሞ አንድ በአንድ ደመሰስኩት። በሞትኩት! የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ እኔ የምለቅመው እንኳን አልነበረኝም፣ ፍቅፋቂው ነዷል። መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ነገ በጠዋት ሃያ ሰው ይመጣል፣ የሚነሳው እንጨት ግን የት እንደሚገባ የሚያውቅ የለም።

«እንሞክራቸዋ፣ አሁን እያነሳን እናግጥማቸው!» ብዬ ብድግ አልኩ።

«በተክለ ሃይማኖት? መዶሻ ላነሳ?» አሉ። «ደግሞስ ይኼን የሚያነሳ ጉልበት ከየት መጥቶ ነው? በይ ቁጭ በይ።»

ሰው ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። አልተቆጡኝም። ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ አመቻቹ። ከዚያ «መዳሰስ ግን ሥራ አይደለም» አሉ።

ከአንዱ ቋሚ ወደ ሌላው እየሄዱ በጣታቸው ጉጡን ይነካሉ፣ ጥመቱን ይከተላሉ። «ይቺ ከምንጩ አፍ የነበረችው ናት፣ ወደ ግራ የምታጋድለው። የእሷ ጉድጓድ በጓሮ በኩል ያለው ነው።» እንዲህ እያሉ አምስቱን በትዝታቸው ብቻ አገኙ። ስድስተኛው ላይ ተጠራጠሩ። ሰባተኛው ላይ «እንጃ» አሉ።

ያን ጊዜ እናቴ ከማድ ቤት ወጣች። በአገውኛ ምን እንደተባባሉ ሙሉውን አልያዝኩትም። ተመልሳ ገብታ የስፌት ዕቃዋን ይዛ መጣች፤ አንድ እቅፍ ስንደዶና ቀለም የገባ አክርማ። ስትመጣ መሬት ላይ በተጋደመው ምሰሶ በኩል አለፈች። ጎንበስ ብላ እጇን እንደ ልማዷ ደረቱ ላይ አሳረፈች። ወዲያው አነሳችው። ደግማ አሳረፈችና እንደገና አነሳችው። እኔም በራሴ ጣጣ ተይዤ ስለነበር ነገሬ አላልኩትም።

ስንደዶዋን ምላሱ ላይ አጋድማ ልኩ ላይ በጥርሷ ቀጨም አደረገቻት። «መቁረጥ በዓል መሻር አይደለም እንዴ?» አልኳት፣ በዚያ ሰዓት እንኳ አፌ አላረፈም። «የቆረጠው ጥርሴ ነው፤ ጥርስ በበዓልም ይሠራል» አለች። አጎቴ በዚያ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ። እንዲህ ሆነ ሥራችን፤ እሷ የምላሱን ውፍረትና ወርድ በስንደዶ ትለካለች፣ እኔ ያንን ይዤ ከጉድጓድ ጉድጓድ እዞራለሁ፣ አጎቴ በጣታቸው ይፈርዳሉ። የተገኘውን ጥንድ እናቴ በአንድ ዓይነት አክርማ ታስርለታለች። ይኼኛው ቀይ፣ ያኛው አረንጓዴ፣ ቀጥሎ ሐምራዊ፣ ቀለሙ ሲያልቅ ሁለት ቀለም ገመድ አድርጋ ፈተለች። ሜትሬን አውጥቼ ልረዳ ብል ጉድጓዱ ውስጥ አልታጠፍ አለኝ። ፀሐይ ሳትጠልቅ አሥሩ ታሰሩ። ሁለቱ ግን ስንደዷቸው እኩል ሆነና አንዱን ካንዱ መለየት አቃተን፤ በግምት አሰርናቸው።

በማግስቱ ጠዋት ደቦው ገባ። ጎረቤታችን፣ አጎቴ ካቆሟቸው ቤቶች በአንዱ የሚኖሩ ሽማግሌ፣ ቋሚዎቹን ሲያዩ ቀጥ ብለው ቆሙ። «ምንድን ነው ይኼ፣ ቤት ነው ወይስ ሞሰብ የምትሠሩት?» ሰዉ ሁሉ ሳቀ። ከዚያ ጎንበስ ብለው አጤኑና «የታል ጭረትህ? አንተ ያለ ጭረት ቤት አቁመህ ታውቃለህ?» አሏቸው አጎቴን። ሳቁ ቆመ። ሁሉም ወደኔና ወደ መላጊያዬ ዞረ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ሴት አናጺ የሚለው ነገር አፋቸው ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር፣ አየሁት።

«እኔ ነኝ ያስላጨኋት» አሉ አጎቴ። «አርጅቼ ጭረቴ አላምር ቢለኝ በእህቴ ቀለም ይሁን አልኩ። አሁን ታነሳለህ ወይስ ስታወራ ትውላለህ?»

እኚህ ሰው ዕድሜያቸውን ሙሉ በጭረታቸው ነው የታወቁት። ያንን ስማቸውን በሰው ሁሉ ፊት አንስተው ለእኔ ጥፋት ማልበሻ አደረጉት። ዓይኔ እንባ ሞላ፤ ሰው እንዳያይብኝ ወደ ገመዱ ዞርኩ። እስካሁን ድረስ ስለዚያች አንዲት ቃል አላመሰገንኳቸውም።

ቀዩ በቀዩ፣ አረንጓዴው በአረንጓዴው ገባ። ምላሱ ጉድጓዱ ውስጥ ሲቀመጥ የሚያሰማው ድምፅ አለ፣ እህ! እንደሚል ሰው ያለ ድምፅ፤ በሰማሁት ቁጥር ነፍሴ ትመለሳለች። አሥሩ ገቡ። የፈራሁት አልቀረም፣ በግምት ያሰርናቸው ሁለቱ አልገባ አሉ። ብናቀያይራቸው አንዱ ገባ፤ ሌላው በእርጥበት ይሁን በእግዜር ቁጣ አንድ ጥፍር ያህል ወፍሮ እምቢ አለ። ጉድጓዱ ያለው ወራጁ ላይ ነው፣ ወራጁን ደግሞ ሰው በትከሻው ይዞታል። «ምስማር ምቱበት!» አለ አንዱ። ማሽኔን ላነሳ ብሮጥ መብራት ሄዷል። ሲያሾፉብኝ የኖሩት አጎቴ በዚያች ሰዓት አላሾፉም። ከስልቻቸው ያንን ሙሉ ቀን ያስሳሉኝን መሮ አውጥተው በእጄ ላይ አኖሩት።

«እርስዎ ይውጡ እንጂ፣ አባባ!»

«እኔ መሰላል ላይ አልወጣም። የሳልሽው አንቺ ነሽ፣ ታውቂዋለሽ።»

ወጣሁ። ከታች ሃያ ሰው አንጋጦ ያያል፣ አራቱ እንጨት ተሸክመው ያቃስታሉ። መሮውን ጉድጓዱ ግድግዳ ላይ አስጠግቼ በመዳፌ ገፋሁት። እንጨቱ እንደ ቅቤ ተላጠ። ጩኸት የለ፣ አቧራ የለ፤ ምን ያህል እንደወሰድኩ በክንዴ ውስጥ ይሰማኛል። ሦስት ጊዜ ገፋሁ። «በቃ!» አሉ ከታች፣ ሳያዩ፣ ድምፁን ሰምተው ብቻ። በሉ ልቀቁት አልኩ። ምላሱ ገባና እህ! አለ። ሽማግሌው ጎረቤታችን ቀድመው «እሰይ የኔ ልጅ!» አሉ፣ ከዚያ እልልታው ተከተለ። ሥራ ለሠሪው እሾህ ላጣሪው የሚሉት ለካ እውነት ነው።

ምሰሶው ቆመ፣ ጣሪያው ተዋቀረ፣ በሳምንቱ ቆርቆሮው ተመታ፣ ግድግዳው ጭቃ ለበሰ። እዚያ ላይማ ምስማር አልቀረልንም። እኔ ፈቃዴን አራዝሜ የእናቴን መግባት እጠብቃለሁ። እሷ ግን አትገባም። መጀመሪያ «ጭቃው ይድረቅ» አለች። ደረቀ። «በሩ ይግጠም» አለች። ገጠምኩ። «ከእሑድ በኋላ ይሁን» አለች። እሑድም አለፈ። ሰማዩ በየከሰዓቱ እየጠቆረ ነው፣ እናቴ አሁንም ማድ ቤት ትተኛለች፣ ማታ ሳሏ ይሰማኛል። ንዴቴ ገነፈለና አጎቴ ጋ ሄጄ ጮህኩ። «ምን ጎደላት? ምን ቀረባት? እኔ ነኝ ያጠፋሁት ወይስ ቤቱ?»

«ነይ» አሉና ምሰሶው ፊት አቆሙኝ። መሮውን ይዘው መጥተዋል።

«አባትሽ እንጨት የማያውቅ ገበሬ ነበር» አሉ። «እህቴን ሊያገባ ሲል ቤቷን በሰው እጅ አላሠራም ብሎ እኔ ዘንድ መጥቶ ተማረ። መጀመሪያ የጠረበው ይኼን ነው። ደረቱ ላይ ሦስት ጭረት ነበረው። ሁለቱ ቀጥ ያሉ ናቸው። ሦስተኛው ላይ ቸኮለና መሮው አመለጠው፣ ወደ ቀኝ ጠመመ። እንደ እብድ ተናደደ። ልላጨው አለ። ተው፣ አልኩት።»

እኔም ያን ጊዜ ገባኝ። እናቴ ስትገባ ስትወጣ የምታሳርፈው እጅ ለጉልበቷ አልነበረም። አባቴ ከሠራው ቤት የእጁ ሥራ ሆኖ የቀረው ያ ብቻ ነበር፣ እሱንም እንደ አዲስ አደረግሁልሽ ብያት ፍቅፋቂውን አቅፌ ወስጄ ሰጠኋት፣ እሷም አነደደችው። ኋላ እጇን አሳርፋ ስታጣው ደቦው እንዳይበተንብኝ፣ ልቤ እንዳይሰበርብኝ ብላ ዋጠችው። ስንደዶ በጥርሷ ስትቆርጥልኝ የዋለችው ይኼን ውጣ ነው። ምሰሶውን ይዤ አለቀስኩ፣ አጎቴም ተዉኝ።

ሲወጣልኝ መሮውን ሰጡኝ። እኔ ደግሞ ምን ጉድ ነኝ፣ እንባዬን ሳልጠርግ ሜትርና እርሳስ አወጣሁ፣ በጭረትና በጭረት መሐል ያለውን ልለካ። «እሱ በሜትር አልሠራም» አሉ። ጣታቸውን እንጨቱ ላይ አድርገው ቦታውን አሳዩኝ። የመጀመሪያውን ጫርኩ፣ ቀጥ ብሎ ወጣ። ሁለተኛውም ቀጥ አለ። ሦስተኛውን ሆን ብዬ ወደ ቀኝ ላጣምመው አስቤ ነበር። ግን ጣቴ በላብ ረጥቦ ነበርና ሳላስበው፣ ሳልዘጋጅ መሮው አመለጠኝ።

«አበስኩ ገበርኩ! ቆይ ላስተካክለው!»

«ተዪው» አሉ አጎቴ፣ እጄን ይዘው። «ችኮላሽ ከማን እንደመጣ አሁን ገባሽ?»

እናቴን ጠራናት። በሩ ላይ ጫማዋን አወለቀች። ነጠላዋን አስተካክላ ገባችና እጇን አሳረፈች። አውራ ጣቷ በመጀመሪያው ጭረት ላይ ሄደ፣ በሁለተኛው ላይ ሄደ፣ ሦስተኛው ላይ ወደ ቀኝ የታጠፈው ቦታ ሲደርስ ቆመ። ውጭ ቆርቆሮው ላይ የመጀመሪያዎቹ ጠብታዎች ይመቱ ጀምረዋል። እናቴ ጣቷን ከዚያች ጠማማ ላይ ሳታነሳ ወደኛ ዞረች።

«በሉ እንግዲህ» አለች፣ «አልጋዬን አስገቡልኝ።»